ዘንዶዬን የሚዋጋልኝ ሰው ጠፋ

ሰው በእኔ ዕድሜ ምን ይመኛል? ቤት ይመኛል፣ መኪና ይመኛል፣ ከዚህ ሙቀት የሚገላግል ማቀዝቀዣ ይመኛል። እኔ የተመኘሁት አንድ ዘንዶ ከሰው ጋር ሲዋጋ ማየት ነው። አትሳቁ እንግዲህ። ወይም ሳቁ፤ ጁባ ውስጥ ያልሳቀብኝ ሀበሻ የለም፣ እናንተም ብትጨመሩ ምንም አይደል።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ፣ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ፈረንጅ አስተማሪ ነበረ። ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ለጎረቤት አከፋፈለ። ለእናቴ ድስት፣ ለዘበኛው ጫማ ደረሳቸው፣ ለእኔ አንድ ካርቶን። ስከፍተው ኳስ የለ፣ መኪና የለ! አንድ ወፍራም መጽሐፍ፣ የዋሻ ካርታዎች፣ አይቼ የማላውቃቸው ዳይሶች። ስድስት ፊት ያለውን ዳይስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እዚያ ውስጥ ግን ባለ አራት ፊት አለ፣ ባለ ስምንት አለ፣ ባለ ሃያ አለ። ባለ ሃያው ከተንከባለለ መቆሚያ የለውም፤ አልጋ ሥር ገብቶ ነው የሚያርፈው።

እንግሊዝኛችን እንደ ነገሩ ነበር። ቢሆንም እኔና የሰፈሬ ልጅ ሰለሞን መዝገበ ቃላት ይዘን ቁጭ አልንበትና ጨዋታው ገባን። አንዱ ዳኛ ይሆናል፤ ዓለሙን የሚፈጥረው እሱ ነው። "ዋሻ ውስጥ ገብታችኋል፣ ጨለማ ነው፣ የሆነ ነገር አጠገባችሁ ይተነፍሳል፣ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ሆነው "ሰይፌን እመዛለሁ" ወይም "እሮጣለሁ" ይላሉ። ተሳካ አልተሳካም የሚለውን ዳይሱ ይወስናል። በቃ፣ ሌላው ሁሉ በአፍ ነው። ወሬ ለሚወድ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አልተፈጠረም ብዬ አምናለሁ።

ካርቶኑ የእኔ ስለሆነ ዳኛው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ሰለሞን ጦረኛ ነው፤ ለጦረኛው ነበልባል የሚል ስም አወጣለት። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ታላቁ ዘንዶ አለ። እኔ ስለ ዘንዶው ሳስብ ትምህርት አይገባኝ፣ እንቅልፍ አይወስደኝ። አንዷን ምዕራፍ ከጨረስን ልንደርስበት ነው! ያኔ ነው እናቴ አልጋ ስታነጥፍ መጽሐፉን ያገኘችው። ሽፋኑ ላይ ቀንዳም፣ ጥርሱ የገጠጠ ፍጡር ተስሏል። ጩኸቷን ጎረቤት ሰማው። የንስሐ አባታችን በዚያው ቀን ተጠሩ። አባ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉና "ይሄ ጥንቆላ ይሁን ቀልድ ለመለየት አስቸግሮኛል፤ ለማንኛውም" ብለው ጸበል ረጩት። መርጨትስ አይባልም፣ አጠመቁት። ሲደርቅ ዘንዶው ያለባቸው የመጨረሻ ገጾች ተጣብቀው አንድ ሆኑ። ላላቅቃቸው ብሞክር ብጥስጥስ አሉ። ዘንዶው ጉልበቱ ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደሚናገር፣ በምን እንደሚሸነፍ ሳላውቅ ቀረሁ። ብዙ ሳይቆይ እነ ሰለሞንም ሰፈር ለቀቁ።

አሁን የምኖረው ጁባ ነው። ነጭ ዓባይ ወደቡ ላይ ከጀልባ የሚወርድ ጭነት የሚረከብ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ፤ ሲሚንቶው፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ በእኔ ፊት ያልፋል። ቤቴ ጉዴሌ የሚሉት ሰፈር፣ ባለቤቴና ልጆቼ አዲስ አበባ። በቅርቡ ለዕረፍት ስሄድ ያ ካርቶን እናቴ ቁም ሣጥን አናት ላይ ቁጭ ብሏል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። "እማዬ፣ ይሄን አልጣልሽውም እንዴ?" ብላት "ጸበል የነካው ዕቃ እንዴት ይጣላል!" ብላ ተቆጣችኝ። ለካ እናቴ ያንን ቀንዳም ሰይጣን ይህን ሁሉ ዘመን አቧራውን እየጠረገች በክብር አስቀምጣው ኖሯል።

ታቅፌው ወደ ጁባ ተመለስኩ። አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሹ ሻንጣዬን ሲበረብር ባለ ሃያውን ዳይስ በሁለት ጣቱ አንስቶ "ዴ ሹኑ?" አለኝ፤ ይሄ ምንድነው ማለቱ ነው። መጫወቻ ነው አልኩት። ጠረጴዛው ላይ አንከባለለው። ሃያ ወጣለት! "ጥሩ ነው?" አለኝ። "ከዚህ በላይ የለም፣ ዘንዶ ገድለሃል" አልኩት። ደረቱን ነፍቶ ሻንጣዬን ራሱ ዘጋልኝና "ማፊ ሙሽኪላ! ችግር የለም!" ብሎ አሳለፈኝ። በኋላ ላይ ሳስበው በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘንዶ የገደለ ብቸኛ ሰው እሱ ነው።

ሰለሞን እዚሁ ጁባ ባንክ ውስጥ ነው የሚሠራው። ስንት ዘመን ተጠፋፍተን ማላኪያ ሰፈር ምሳ ስንበላ ተገናኘን። ካርቶኑን ሳሳየው ክራቫቱን ፈታ።

"ነበልባል በሕይወት አለ?" አለኝ።

"አለ እንጂ። ዋሻው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀህ ነው።"

"ውይ የኔ ነገር! እግሩ ደንዝዟላ!"

ሁለት ሰው ስለማይበቃ ቱትን ጨመርነው። ቱት ጋምቤላ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ በኋላ ወላጆቹ አገር ደቡብ ሱዳን የገባ ኑዌር ወዳጃችን ነው። የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ትልቅ ሰው ነው። አማርኛው ከእኔ ይሻላል፣ ቀልድ ላይማ አንደርስበትም። ከብት ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ጨዋታውን ሳስረዳው በትዕግሥት ሰማኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። "ይሄ ዘንዶ የማንን ከብት ነው የሚበላው?" የዚያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ከሁሉ የባሰው ጥፋቴ ግን የቦታ ምርጫዬ ነው። እትዬ አስካለ ማላኪያ ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው። ምግብ ቤት ልበላችሁ እንጂ ፍርድ ቤትም ነው። ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ ሸሪክ ከሸሪኩ ቢጣላ፣ አከራይ ከተከራይ ቢነካከስ፣ ሀበሻ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሳቸው ጓዳ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ይመጣል። እትዬ አስካለ ሽሮ እያማሰሉ ያስታርቃሉ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ተጣልቶ የተነሣ ሰው የለም ይባላል። እኔ ቂሉ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጦርነቴን የዘረጋሁት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው!

እሁድ ነው፣ ከምሳ በኋላ፣ ምግብ ቤቱ ጭር ሲል። ካርታዬን ዘርግቼ ዳይሶቹን እንደደረደርኩ እትዬ አስካለ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ።

"ቁማር በእኔ ቤት? ያውም በፍልሰታ?"

"ቁማር አይደለም እትዬ። ተረት ነው።"

"ተረት ዳይስ ምን ያደርግለታል?"

"እንዲያው... ተረቱ ወዴት እንደሚሄድ እንዲነግረን ነው።"

"እንግዲያው ቁጭ ብዬ አያለሁ" ብለው ወንበር ስበው መሐላችን ገቡ። እንዲህ ነው ሳናስበው ሌላ ተጫዋች ያገኘነው።

"ምን ልጻፍልዎ?" አልኳቸው። "ጦረኛ አለ፣ አስማተኛ አለ፣ ካህን አለ፣ ሌባ አለ።"

"ሌባ? እኔ ጠረጴዛ ላይ ሌባ?"

ቱት ቀደም ብሎ ሌባ መርጦ ስለነበር ወረቀቱን ቀስ ብሎ ገለበጣት። ወዲያው ነጋዴ ሆነ።

"አስማተኛስ?"

"ሰይጣን ያርቅልህ!"

"ካህን?"

"ሴት ልጅ ቄስ ሆና የት አየህ?"

"እና ምን ይሁን እትዬ?"

"አስካለ ብለህ ጻፍ። ምግብ ቤት ያላት።"

"እትዬ፣ የምንገባው እኮ ዋሻ ውስጥ ነው!"

"ዋሻ ውስጥ የሚገባ ሰው አይርበውም?"

ምን ይመለሳል? ጻፍኩ። የጦር መሣሪያ በሚለው ቦታ ላይም በትእዛዛቸው መሠረት "ትልቁ የሽሮ ድስት" የሚል ሰፈረ።

ጨዋታው ተጀመረ። ጀግኖቹ በመጀመሪያ የሚደርሱት አንድ የመንገደኛ ማረፊያ ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ባለቤቱ በእሳት የተጠበሰ የዱር አሳማ አቀረበላችሁ" ብዬ አነበብኩ። ሰለሞን አማተበ።

"አሳማ?" አሉ እትዬ አስካለ። "በፍልሰታ አሳማ!"

"እትዬ፣ እነዚህ የጥንት ፈረንጆች ናቸው፤ ፍልሰታን አያውቁም።"

"እነሱ ባያውቁ እኛ አናውቅም? እኔ አልበላም። ሰለሞንም አይበላም።"

ሰለሞን ራሱን ነቀነቀ። እሱን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አግኝተውታል፤ ምን ምርጫ አለው! እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ? ባለ ረጅም ጢሙ፣ ባለ ቆዳ ሽርጡ ባለ ማረፊያ ወደ ጓዳ ገብቶ ሽሮ ይዞ ወጣ። እትዬ አስካለ ሽሮውን በሐሳባቸው ቀመሱና በርበሬውን ከየት ነው የምታስመጣው ብለው ባለ ማረፊያውን ጠየቁት። ባለ ማረፊያው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ እኔና እሳቸው ስለ በርበሬ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ፣ ስለ መኪና ኪራይ መወደድ ስንጨዋወት ሰለሞን ጠረጴዛው ላይ ጋደም ብሎ አንቀላፋ።

እንደ ምንም ዋሻው ውስጥ ገቡ። መጽሐፉ ላይ አረንጓዴ ቆዳ ያላቸው፣ ጆሯቸው የሾለ፣ ወገብ የማያልፉ ፍጡራን አሉ፤ በልጅነታችን ድንክ ጭራቆች እንላቸው ነበር። ሥራቸው ከጨለማ ዘሎ መውጣትና መሞት ነው። "ድንክ ጭራቆች ጦራቸውን ነቅንቀው ከበቧችሁ!" ብዬ ጮህኩ። ሰለሞን ነቃ። ዳይሱን አፈፍ አደረገ። ቱት ግን እጁን አነሣ።

"ቆይ። እነዚህ ልጆች የማን ልጆች ናቸው?"

"ጭራቆች ናቸው አልኩህ እኮ!"

"ጭራቅም አባት አለው። አባታቸው ማን ይባላል? በበጋ ከብቶቻቸውን የት ነው የሚያጠጡት?"

ዳኛ የተጠየቀውን የመመለስ ግዴታ አለበት፤ የጨዋታው ሕግ ነው። ለጭራቆቹ አባት ፈጠርኩላቸው፣ አያት ፈጠርኩላቸው፣ ወንዝ ሰጠኋቸው። ቱት እያንዳንዷን ስም እየያዘ ወደ ላይ ቆጠረና የመጀመሪያው ጭራቅ በእናቱ በኩል ለነጋዴው ዘመድ ሆኖ ተገኘ! ተቃቀፉ። እትዬ አስካለ በደስታ አጨበጨቡ። ወዲያውም "እነዚህ ልጆች ከስተዋል፣ ሥራ የላቸውም ማለት ነው" አሉና ድስት እንዲሸከሙላቸው ቀጠሯቸው።

ቀጥሎ የመጣው ከመቃብሩ ተነሥቶ ዝገት የበላው ጎራዴ ይዞ የሚራመድ አፅም ነው። ይሄ አባት የለው፣ ዘመድ የለው፣ አይናገር! አሁን አገኘኋቸው አልኩ በልቤ። እትዬ አስካለ ግን ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ምስኪን። በሥርዓት የቀበረው የለም ማለት ነው። ዕድር አልነበረውም?"

"እትዬ፣ ሊገድላችሁ ነው!"

"የት ይረፍ እሱስ? ኑ፣ ጉድጓድ እንቆፍር።"

ነበልባል፣ የነገሥታት ሰይፍ የታጠቀው፣ በልጅነታችን ሰባት ግንብ ያፈረሰው ነበልባል፣ በሰይፉ መቃብር ቆፈረ። ጭራቆቹ አፈር አለበሱ። ቱት ንግግር አደረገ። አፅሙ፣ እኔ ነኝ እንግዲህ፣ በደንብ ተሸኘሁ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ ደስ ይል ነበር። ግን የመጀመሪያው እሁድ በዚሁ አለቀ። አንዲት ጠብታ ደም አልፈሰሰችም።

"እኔ ይሄን ሰይፍ የተሸከምኩት ለምንድነው?" አለኝ ሰለሞን ስንወጣ።

"ለዘንዶው" አልኩት። "ዘንዶው ሌላ ነው። ዘንዶው አይሸመገልም።"

ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ፤ ውጊያዬን እንዳይነጥቁኝ። ወደቡ ላይ የማሽን መጠቅለያ ሆኖ ከመጣ ነጭ ፎም ዘንዶ ቀረጽኩ። ክንፉ ግራና ቀኝ የተዘረጋ፣ አፉ የተከፈተ፣ እሳት የመሰለ ቀይ ቀለም የተቀባ። ወዛደሮቹ በየተራ እየመጡ ያዩት ነበር። የሚያስፈራ ነበር ስላችሁ! እሱን ያየ ሰው ሰይፍ ከመምዘዝ በቀር ሌላ ነገር ሊያስብ አይችልም ብዬ ደመደምኩ።

ሁለተኛው እሁድ ዝናቡ የሰማይ ቧንቧ የፈነዳ አስመሰለው። በነሐሴ የጉዴሌን ጭቃ ያላየ ሰው ጭቃ አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል። ዘንዶዬን በጀርባዬ አዝዬ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ወጣሁ። ሞተረኛው ዞር ብሎ ዓይኑን አፈጠጠ።

"ዴ ቲምሳ?" አለኝ። ቲምሳ ማለት አዞ ነው።

"አዞ አይደለም፣ ዘንዶ ነው" አልኩት።

"ታማም" አለ፣ ደህና እንደማለት፤ ተነሣን። አልራቅንም። መንገዱ መሐል ሞተሩ ተንሸራተተና ሦስታችንም፣ እኔ፣ ሞተረኛውና ዘንዶው፣ ጭቃ ላይ ተዘረጋን። ከየሱቁ ሰው እየወጣ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሻይ የሚሸጡ ሴትዮ ባልዲ ውሃ አምጥተው እኔን ትተው ዘንዶውን አጠቡልኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ አጥበው አጥበው ቀለሙንም አብረው አጠቡት። ማላኪያ ስደርስ አንድ ክንፉ ተገንጥሏል፣ ያ እሳት የመሰለው ቀይ ዘንዶ ሮዝ ሆኗል። የሕፃን ልጅ ካልሲ ሮዝ።

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም። ዘንዶውን በጠረጴዛ ልብስ ሸፍኜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። "ታላቁ በር ተከፈተ። በወርቅ ክምር ላይ፣ ሦስት መቶ ዓመት የኖረው፣ ሰባት መንደር ያወደመው ዘንዶ ተኝቷል!" ብዬ ጨርቁን ገለጥኩት።

"ውይ!" አሉ እትዬ አስካለ ደረታቸውን ይዘው። "ምን አግኝቶት ነው እንዲህ የገረጣው?"

"እናንተ ትሎች!" ብዬ አገሳሁ። "የመንደሩን ከብት የበላሁ እኔ ነኝ! አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው!"

"ስንት ከብት?" አለ ቱት።

"ብዙ!"

"ብዙ አይሆንም። ስንት ጊደር፣ ስንት ወይፈን? ቀንዳቸው ምን ዓይነት ነበር? ባለቤቶቹ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?"

"በቃ!" አለ ሰለሞን ከወንበሩ ብድግ ብሎ። "እኔ ሰይፌን መዝዣለሁ! አንገቱን ነው የምለው!" ባለ ሃያውን ዳይስ አንሥቶ እጁ ውስጥ አንቀጫቀጨው። ይኸው! ይኸው መጣ! የልጅነት ጓደኛዬ፣ ነበልባሌ!

እትዬ አስካለ እጃቸውን ጡጫው ላይ አሳረፉበት። "ቁጭ በል።"

"እትዬ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ ወግቶታል እኮ!"

"አንተ ጊዮርጊስ ነህ?"

ቁጭ አለ። ዳይሱንም አስቀመጠው። እኔ ግን አሁንም አልተሸነፍኩም። "ዘንዶው ከንግግር በፊት እሳት ተፋባችሁ! ሁላችሁም እየተቃጠላችሁ ነው! ዳይስ ጣሉ!" አልኩ።

"ሽማግሌ ፊት እሳት አይተፋም" አሉ እትዬ አስካለ፣ ያንን ባልና ሚስት የሚያስታርቁበትን ድምፅ አውጥተው።

"ይቅርታ" አልኩ። ይቅርታ ያለው ዘንዶው ይሁን እኔ እስካሁን ለይቼ አላውቅም።

በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። እትዬ አስካለ መሐል ተሰየሙ። ቱት ከብት ለተበላበት ሕዝብ ጠበቃ ሆኖ በግራ ተቀመጠ። ጭራቆቹ ምስክር ሆነው ቆሙ። ሰለሞን አኩርፎ ክርኑን ተደገፈ። ሮዙ ዘንዶዬ መሐል ላይ፣ አንድ ክንፉን ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

"በል ልጄ" አሉት እትዬ አስካለ። "ሰው ከመሬት ተነሥቶ ከብት አይበላም፣ መንደርም አያቃጥልም። ምን ሆነህ ነው? ቅሬታህን ተናገር። ማንም አያቋርጥህም።"

የዘንዶው ቅሬታ! እንዴት ያለ ጣጣ ነው የገባሁበት? የእሱ ገጾች በጸበሉ ሰበብ ተበጣጥሰዋል። ከጸበሉ በፊት የነበረው መጽሐፍ ራሱ ስለ ዘንዶ ቅሬታ የጻፈ አይመስለኝም። ሦስቱም አፌን አፌን ያያሉ። ዳኛ ደግሞ ዝም ማለት አይችልም። የመጣልኝን መናገር ጀመርኩ።

"በሬን የሚያንኳኳ ሁሉ ለጉዳይ ነው የሚመጣው" አልኩ በዘንዶው ወፍራም ድምፅ። "አንዱ ወርቁን ፈልጎ፣ አንዱ ራሴን ፈልጎ። ደህና ዋልክ ወይ ብሎ የገባ የለም። ሰዉ ሁሉ ያውቀኛል፤ መንገድ ላይ ሰላም ይለኛል፤ ቤቴ ግን ማንም መጥቶ አያውቅም፣ እኔም የማንም ቤት ሄጄ አላውቅም። ሥራዬን ጨርሼ ዋሻዬ እገባለሁ። ምግቤን በፌስታል ይዤ ነው የምገባው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እዚያው ፌስታሉ ላይ እበላለሁ። ልጆቼን የማያቸው በስልክ ነው። ኔትወርኩ ሲያዝ ትንሿ አፏን እንደከፈተች ትቀራለች፣ ምን ልትለኝ እንደነበረ ሳልሰማ ጀኔሬተሩ ይጠፋል..."

"ዘንዶው ጀኔሬተር አለው?" አለ ሰለሞን።

ማንም አልሳቀም። እሱም ወዲያው አፉን ያዘ።

"ዋሻው ጉዴሌ ነው መሰለኝ" አለ ቱት ቀስ ብሎ።

ያኔ ነው እኔም የሰማሁት። ወፍራሙ ድምፄ ከመቼ ጀምሮ እንደተወኝ አላውቅም። ጆሮዬ ጋለ። ቀልድ ተናግሬ ላልፍ ብፈልግ ቀልድ ጠፋ። አላለቀስኩም ብላችሁ እነዚያ ሰዎች እዚያው ማላኪያ ስላሉ ያጋልጡኛል።

እትዬ አስካለ ተነሡ። ቱትን በዓይናቸው ጠቅሰው ይዘውት ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሽማግሌ ሊመካከር ሲል እንደሚያደርገው። ሰለሞን ከእኔ ጋር ቀረ። ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋና "አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ እዚሁ ነኝ ያለሁት። ቤቴ እኮ ከቤትህ ስትወጣ ድልድዩን እንኳ ሳትሻገር ነው" አለኝ። "አውቃለሁ" አልኩት። "ታዲያ?" አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። እትዬ አስካለ ቆመው ፍርዱን አሰሙ።

"ዘንዶው የሰው ከብት በልቷል። ይሄ ጥፋት ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ።"

ድንጋይ ስላልነበረ ሰለሞን አንዲት ሎሚ አምጥቶ ዘንዶው አንገት ላይ አስቀመጠ። አንገቱ ፎም ነውና እጥፍ ብሎ አቀረቀረ። እኔ ይህን ብሠራው እንኳ እንደዚያ አሳምሬ አልሠራውም። ቱት ተነሥቶ በከብት ጠባቂዎቹ ስም "ይቅር ብለንሃል፤ ከእንግዲህ ከብቶቹን አንተ ትጠብቃለህ፣ ጅብም ሌባም ከመጣ ያን ጊዜ እሳትህን ትተፋለህ" አለና ሎሚዋን አነሣለት።

"ሁለተኛው ጥፋት ደግሞ የእኛ ነው" አሉ እትዬ አስካለ። አሁን የሚያዩት ዘንዶውን አይደለም። "በየቀኑ እዚህ በር ላይ ቆሞ 'እትዬ ይታሰርልኝ' ሲል፣ ወዴት ነው የምትሄደው፣ ከማን ጋር ነው የምትበላው ሳልል እያሰርኩ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ለዘንዶው አይታሰርለትም። የሚበላ ከሆነ እዚህ ቁጭ ብሎ ይበላል። ጨርሻለሁ።"

ሰለሞን አጨበጨበ። ቱት በኑዌርኛ የሆነ ነገር ብሎ ትከሻዬን መታ፤ ትርጉሙን ብጠይቀው አልነግርህም አለኝ። እትዬ አስካለ ካርታዬን ሰብስበው፣ ዳይሶቹን በኩባያ ጨምረው፣ ትልቅ ትሪ በያይነቱ አምጥተው መሐል ላይ አስቀመጡ። ሮዙን ዘንዶ ከእኔ ጎን ወንበር ላይ አስቀመጡት። እኔ ግን አመል አይደል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የጠበቅሁት ነገር ዓይኔ እያየ ሲያመልጠኝ ዝም ማለት አቃተኝ።

"እሺ እትዬ፣ ውጊያውስ?"

"የማንና የማን?" አሉኝ።

ዙሪያዬን አየሁ። ሰለሞን እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ሊታጠብ ሄዷል። ቱት ለእኔ ቦታ ለመልቀቅ ወንበሩን ወደ ጥግ እየገፋ ነው። እትዬ አስካለ ደግሞ እንጀራውን በእኔ በኩል አስረዝመው እየዘረጉት ነው። የምዋጋው ሰው ፈልጌ አጣሁ።

"የማንም" አልኩና እጄን ልታጠብ ተነሣሁ።